እምቢታ በመድረክና በቴሌቪዥን መስኮት

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነስቶ በተግባረ ዕድ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀውን መንገድ የተከተለ ሰው ልደታ ይደርሳል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሠራቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ በዚሁ ሠፈር ነበር፤ ሠፈሩም ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ ግን «ልደታ» ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ችሎት ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ግቢ ጠዋት ጠዋት በባለጉዳይ ይሞላል። ነጠላዋን አፏ ላይ ያጣፋች እናት፣ የወረቀት ማኅደር በክንዱ ያቀፈ ጠበቃ፣ ቀጠሮው የተላለፈበት ምስክር ሁሉም አንድ በረንዳ ላይ ይቆማሉ።

በዚህ ግቢ ከሚሰሙት የወንጀል ክሶች አንዱ አስገድዶ የመድፈር ክስ ነው። ክሱ በተሰማ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመላለሳል። ፈቅዳ ነበርን? ካልፈቀደች እምቢታዋን በምን ገለጸችው? ጮኸች ወይ? ከጮኸችስ ማን ሰማት? ያው ጥያቄ ማታ በየቤቱ፣ ዳኛም ዐቃቤ ሕግም በሌለበት፣ በቴሌቪዥን ፊት እንደገና ይነሣል። በድራማው ውስጥ አንድ ወንድ የአንዲትን ልጅ እጅ ይይዛል፤ ልጅቱ ታስለቅቃለች፤ እንደገና ይይዛል። ሳሎን ውስጥ የተቀመጠው ቤተሰብም ፍርዱን ይሰጣል። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ አንገቱን ያቀረቅራል፤ አንዳንዷ እናት ደግሞ ድንገት ወጡን ለማማሰል ትነሣለች።

ይህ የሳሎን ችሎት በቴሌቪዥን አልተጀመረም፤ ሥሩ ከሠርጉ ድንኳን ይነሣል።

በሰሜኑና በመካከለኛው የሀገራችን ክፍል በቆየው የጋብቻ ሥርዓት ሽማግሌ የሚላከው ወደ አባት ነው። ጥሎሹን፣ የከብቱንና የመሬቱን ነገር የሚነጋገሩት አባቶች ናቸው። ልጅቱ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የምታውቀው ጠላው ሲጠመቅ ነው። በሠርጉ ቀን ተሸፋፍና በሚዜ ትከሻ ወይም በበቅሎ ላይ ትወጣለች። በጫጉላው ሌሊት ደግሞ አንድ ግዴታ ይጠብቃታል፤ እርሱም መታገል ነው። ቶሎ እጅ የሰጠች ሙሽራ ነውረኛ ናት፤ ምናልባትም ድንግል አይደለችም ተብላ ትጠረጠራለች። ትግሏን ያላሸነፈ ሙሽራም የእኩዮቹ መሳቂያ ይሆናል። ሚዜዎች በራፉ ላይ ይጠባበቃሉ። ብር አምባሩ ሲሰበር ምስክሩን ሸማ ይዘው እየጨፈሩ ለቤተ ዘመድ ያበሥራሉ።

አንድ ድራማ ጸሐፊ ይህንን ሥርዓት በሙያው ዓይን ቢመረምረው ሳይደነቅ አይቀርም። የተሟላ ተውኔት ነው። ገጸ ባሕርያት አሉት፤ ግጭት አለው፤ ከመጋረጃ በስተጀርባ የሚጠብቅ ተመልካች አለው፤ ጭብጨባም አለው። ዋናዋ ተዋናይት የተሰጣት ቃለ ተውኔት ግን አንድ ብቻ ነው፤ «እምቢ» ማለት። ብትወድም እምቢ ማለት አለባት፤ ባትወድም እምቢ ትላለች። ሁለቱ እምቢታዎች በድምፅ አንድ ናቸው። ከደጅ የቆመው ሰው የትኛው የጨዋታ፣ የትኛው የእውነት እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለውም፤ ለመለየትም አይፈልግም። ያለ እርሷ ፈቃድ የተሰጠችው የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከልቧ ስትጮህ ሚዜው የሚሰማው የሠርጉን ወግ ነው። ፍትሐ ነገሥቱ ሳይቀር ጋብቻ በሁለቱም ወገን ፈቃድ እንዲጸና ይደነግጋል፤ ነገር ግን እምቢታን ወግ ባደረገ ባህል ውስጥ ፈቃድን በምን ያውቁታል?

ጠለፋ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሽማግሌው ይቀራል፤ ፈረስና ጠመንጃ ይተኩታል። በደቡብና በምሥራቅ፣ በአርሲና በሌሎችም አካባቢዎች፣ ጥሎሽ ያልበቃው ወይም እምቢ የተባለ ጎረምሳ ጓደኞቹን ሰብስቦ ልጅቱን ከውኃ መንገድ ወይም ከትምህርት ቤት መልስ አፍኖ ይወስዳታል። ከደፈራት በኋላ ሽማግሌ ይልካል። አባትም ልጁ ከእንግዲህ ሌላ ባል እንደማታገኝ ስለሚያውቅ ካሣውን ተቀብሎ ይመርቃል። የተጣሉት ሁለት አባወራዎች ናቸው፤ የታረቁትም እነርሱው ናቸው።

ዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር ይህን ጉዳይ ገና ከማለዳው አግኝቶታል፤ ያገኘው ግን በሳቅ በኩል ነው። መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጻፈው «ጠልፎ በኪሴ» የተማሩ የከተማ ወጣቶች የሚስት ጠለፋ ሲያሴሩ የሚያሳይ ኮሜዲ ነው። የመንግሥቱ ለማ ብዕር የሚወጋው ማንን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ በአንድ እግሩ አውሮፓ፣ በሌላው አያቱ ቤት የቆመውን ምሁር ነው። ስላቁ እስከ ዛሬ አልደበዘዘም። ይሁን እንጂ በአዳራሹ የተቀመጠ ሰው የሚስቀው ጠላፊዎቹ በሚገቡበት ቅጥ አምባር በጠፋው ነገር ነው። የተጠላፊዋ ፍርሃት ለኮሜዲ አይመችምና ወደ ጥግ ይገፋል። ይህ የደራሲው ጥፋት አይደለም፤ ተመልካቹ ከሠርጉ ቤት ይዞት የመጣው ሳቅ ነው።

በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የኢትዮጵያ ፊልም ለሕዝብ ቀረበ። ርዕሱ «ሂሩት አባቷ ማነው» የሚል ነበር። የርዕሱን ጥያቄ ልብ ይሏል፤ የሚጠየቀው ልጅቱ የማን እንደሆነች ነው። ይህ «ሂሩት» የሚለው ስም ከዓመታት በኋላ በሌላ ፊልም ተመልሶ ይመጣል።

በሚቀጥለው ዓመት የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ በተረከው ጊዜ መጽሐፉን ያላነበበው ሕዝብም ሰብለ ወንጌልን እንደ ዘመዱ ልጅ አወቃት። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ የሚያስቡላትን የማዕረግ ጋብቻ ትታ አስተማሪዋን በዛብህን መረጠች። አድማጩ አለቀሰላት፤ እምቢታዋንም ከልቡ ሰማ። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያሻል። እምቢታዋ የተሰማው ሌላ ሰው ስለ ወደደች ነው። እምቢታዋን በዛብህ እንደ ምስክር ቆሞላታል። በዛብህ ባይኖርስ ኖሮ፣ ሰብለ ወንጌል ማንንም ሳትወድ «አልፈልግም» ብቻ ብትል፣ ስንቱ አድማጭ ከጎኗ ይቆም ነበር? ከዚያ ወዲህ በተጻፉት አብዛኞቹ የፍቅር ድራማዎች ይህ ሥርዓተ ትረካ ሳይለወጥ ኖሯል። ልጅቱ አንዱን እምቢ እንድትል ሌላው መኖር አለበት።

ሕጉም ቢሆን ከድራማው ብዙ አልቀደመም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል አድርጎ ደነገገ፤ ነገር ግን በዚያው አንቀጽ 558 ተጠላፊዋ ጠላፊዋን «በፈቃዷ» ካገባች ክሱ እንደሚቀር ጨመረ። አንቀጽ 599ም ለአስገድዶ መድፈር ተመሳሳይ በር ከፈተ። ደፋሪ ባል ሲሆን ከሳሽ የለም። ይህ ድንጋጌ የሀገር ባህል ብቻ ነው የሚል ቢኖር ይሳሳታል። ሕጉን ያረቀቁት ስዊሳዊው ሊቅ ዣን ግራቬን ነበሩ፤ አውሮፓም በዚያ ጊዜ ከዚህ በሽታ ነፃ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1810 የወጣው የናፖሌዎን የወንጀል ሕግ የጠለፋትን ያገባ ሰው ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ አስቀምጦ ነበር፤ ብዙ ሀገሮችም ያንኑ ገለበጡ።

ኢጣሊያ ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1965 በሲሲሊ ደሴት በአልካሞ ከተማ ፍራንካ ቪዮላ የተባለች ወጣት ጓደኞቹን ባስከተለ ጎረምሳ ተጠለፈች። በዚያ ሀገር ልማድና ሕግ መሠረት ጠላፊዋን አግብታ «ክብሯን መመለስ» ይገባት ነበር። እርሷ ግን እምቢ አለች፤ አባቷም ከጎኗ ቆመ። ጠላፊው ተከሶ ታሰረ። ነገሩ ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ ፊልም ተለወጠ፤ ሕጉ የተሻረው ግን እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ከልጅቱ እምቢታ እስከ ሕጉ መሻር አሥራ ስድስት ዓመት አለፈ ማለት ነው።

የእኛዋ ፍራንካ አበራሽ በቀለ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ዕድሜዋ 14 ዓመት ነበር። ጠላፊው ደፈራት። እርሷም ጠመንጃውን አንሥታ ሸሸች፤ ሲከታተላትም ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ጥቂት ቀደም ብሎ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ያዘ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ፍርድ ቤቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው በማለት በነፃ አሰናበታት። የአካባቢው ሽማግሌዎች ግን የሟችን ደም ቆጥረው ከቀዬዋ እንድትርቅ አደረጉ። ሕጉ ነፃ ሲላት መንደሩ አባረራት።

በአበራሽ ታሪክ ውስጥ በዛብህ የለም። የምትሄድበት ትምህርት ቤት እንጂ የምትሸሽበት ወዳጅ አልነበራትም። እምቢታዋ ያለ ሌላ ወንድ ምስክርነት በራሱ የቆመ እምቢታ ነው። በዚህ ምክንያት ለድራማ ጸሐፊ አስቸጋሪ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ታላቅ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ራዲዮ ድርሻውን ተወጣ። ከ1994 ዓ.ም. ግንቦት እስከ 1997 ዓ.ም. ኅዳር ድረስ በኢትዮጵያ ራዲዮ «የቀን ቅኝት» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ተላለፈ። በፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተዘጋጀው ይህ ድራማ 257 ክፍሎች ነበሩት። ከታሪኮቹ አንዱ የውብዓለም ነው። ውብዓለም የምትወደው እያለ በማትወደው ሰው ተጠለፈች፤ በኋላም ነፃ ወጥታ የመረጠችውን አገባች። በዝግጅት ክፍሉ የተከመረው የአድማጮች ደብዳቤ በሺዎች የሚቆጠር ነበር። ከደብዳቤዎቹ በአንዱ አንድ አባት የመጀመሪያ ልጁ በ14 ዓመቷ መጠለፏን ገለጸ። እርሱና ሚስቱ ለታናሺቱ ይሰጉ እንደነበር፣ በመንደራቸው ድራማውን ያደመጠው ሰው ግን ጠላፊን ማውገዝ እንደ ጀመረ ጽፏል።

ይህ ደብዳቤ ከማንኛውም የኪነ ጥበብ ሽልማት ይበልጣል። ነገር ግን በጥሞና ማንበብ ያስፈልጋል። አባትየው ስለ መጀመሪያ ልጁ ሲያስብ የኖረውን ሐዘን ሊናገር የቻለው የውብዓለምን ስም ካገኘ በኋላ ነው። ለልጁ ያላለቀሰው መንደር ለድራማው ልጅ ተቆጣ። ድራማ ማድረግ የሚችለው ይኸው ነው፤ የሩቁን ስም አውሶ የቅርቡን ሰው ያስጠራል። ያም ሆኖ ውብዓለም የሰብለ ወንጌል ታናሽ እህት ነች፤ እርሷም የምትወደው ሌላ ሰው ነበራት።

ቴሌቪዥን ወደ ሀገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ነው፤ የመጀመሪያው ስቱዲዮ የነበረውም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው። በጥቂት ቤቶችና በሕዝብ መሰብሰቢያዎች የጀመረው መስኮት ቀስ በቀስ የሳሎኑ ዋና ዕቃ ሆነ። «ገመና» እና «ሰው ለሰው»ን የመሰሉ ተከታታይ ድራማዎች በተላለፉባቸው ዓመታት በድራማው ሰዓት መንገዱ ጭር ይል እንደነበር የከተማው ሰው ያስታውሳል። ቴሌቪዥን ከቴአትር አዳራሽ የሚለይበት ዋና ነገር ግን ከተመልካቹ ብዛት ይልቅ የአቀማመጡ ነገር ነው። በአዳራሽ ውስጥ ሰው በጨለማ፣ ከማያውቀው ሰው አጠገብ ይቀመጣል። በሳሎን ግን አባትና ሴት ልጅ፣ አማትና ምራት በአንድ ብርሃን ሥር ይቀመጣሉ። ደራሲው ይህንን ስለሚያውቅ ይፈራል። የመኝታ ክፍሉ በር ሲዘጋ ካሜራው ደጅ ይቀራል፤ ሙዚቃ ይገባል፤ በሚቀጥለው ትዕይንት ንጋት ነው፤ ልጅቱ በአልጋው ጠርዝ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

በተዘጋው በር ውስጥ ምን ሆነ? ከሠርጉ ሚዜ ቀጥሎ በራፉ ላይ የቆመው ካሜራው ነው። ጨዋነት የሚባለው ነገር ራቁት ገላን ይሰውራል፤ ይህ ባልከፋ ነበር። አብሮ የሚሰውረው ግን ንግግሩን ነው። «ትፈልጊያለሽ ወይ?» የሚል ጥያቄና መልሱ ምንም ገላ አያሳይም፤ ለሕፃንም አያሳፍርም። ሆኖም ይኸው ንግግር ከበሩ ውስጥ ይቀራል። ከበሩ ውጪ በብዛት የሚታየው ሌላ ትዕይንት ነው። ወንዱ መንገድ ላይ ይከተላታል፤ ትገላምጠዋለች፤ መሥሪያ ቤቷ ድረስ ይመጣል፤ ትቆጣለች፤ በዝናብ ውስጥ ከደጇ ቆሞ ያድራል፤ በመስኮት አይታው ፈገግ ትላለች። ተመልካችም ከመጀመሪያው ጀምሮ ያንን ፈገግታ ይጠብቃል። የቀደሙት ሦስት እምቢታዎች የፍቅሩ ደረጃዎች ሆነው ይቆጠራሉ። የጫጉላው ሌሊት ወግ ሱፍ ለብሶ አስፋልት ላይ ወጣ ማለት ነው።

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎች በቃና ቴሌቪዥን በየቤቱ ገብተዋል። የሀገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ባህል ይበርዛል፣ እንጀራችንን ይነጥቃል በማለት አጥብቀው ተቃወሙ። የእንጀራው ነገር እውነት ነበረው። ባህል ይበርዛል የተባለው ግን ሲመረመር ግራ ያጋባል፤ ከቱርክ የመጣውም ድራማ የሚታገለው ከዚያው ከአባትና ከክብር፣ ከሽማግሌና ከግዳጅ ጋብቻ ጋር ነው። በዚያው በቱርክ ከ2010 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የተላለፈው የፋትማጉል ድራማ በቡድን ተደፍራ ከደፋሪዎቹ ጋር በነበረ ሰው በጋብቻ ስለ ታሰረች ልጅ ይተርካል። ታሪኩ የመነጨው ደፋሪ ካገባ ቅጣቱ ይቀርለት ከነበረበት ዘመን ነው። የቱርክ ሕግ ያንን በር የዘጋው እ.ኤ.አ. በ2005 ነበር። ብዙ ተመልካች የልጅቱን የፍርድ ቤት ትግል ተከተለ። ብዙው ደግሞ ልጅቱና ባሏ መቼ ይዋደዱ ይሆን እያለ ሳምንት ጠበቀ።

ይህ የተመልካች ጠባይ የእስያ ወይም የአፍሪካ ብቻ እንዳይመስል አንድ የአሜሪካ ምሳሌ እነሆ። «ጄኔራል ሆስፒታል» በተባለው የቀን ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1979 ሉክ የተባለው ገጸ ባሕርይ ላውራን ደፈራት። ሁለቱ ተዋንያን በተመልካች ዘንድ ስለ ተወደዱ ደራሲዎቹ ነገሩን ወደ ፍቅር መለሱት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1981 ሲጋቡ 30 ሚሊዮን ያህል ሰው ሠርጉን ተመለከተ። የአርሲ ሽማግሌ ካሣ ተቀብሎ የሚያደርገውን የኒው ዮርክ ቴሌቪዥን በማስታወቂያ ገንዘብ አደረገው። ድራማው ወደዚያ ቁስል ተመልሶ ድርጊቱን በስሙ የጠራው ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው።

በ2006 ዓ.ም. የአበራሽ ታሪክ ፊልም ሆነ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ነው። ርዕሱ ራሱ ብዙ ያነጋግራል። በአማርኛ ደፋር ጀግና ነው፤ ደፋሪ ወንጀለኛ ነው፤ የተደፈረችም ተበዳይ ናት። ጀግንነቱና ወንጀሉ ከአንድ ግንድ ይበቅላሉ። ቋንቋው የአጥር ቋንቋ ነው፤ አጥሩን የዘለለው «ደፈረ» ይባላል፤ አጥሯ የተዘለለባት ሴት ደግሞ ወዳ ነበር አልወደደችም የሚለው በቃሉ ውስጥ ቦታ የለውም። ፊልሙ ይህንን ቃል ወስዶ ለልጅቱ ሰጣት፤ ድፍረቱ የእርሷ ሆነ።

የልጅቱ ስም በፊልሙ ውስጥ ሂሩት ነው። የመጀመሪያው ፊልም አባቷ ማነው ሲል ከጠየቀ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ሁለተኛዋ ሂሩት ትምህርት ቤት ስትሄድ ታየች። እምቢታዋን የሚያጸድቅላት ፍቅረኛ የላትም። ፊልሙ በሰንዳንስና በበርሊን በዓላት ሽልማት አገኘ፤ ሁለቱም ሽልማቶች በዳኞች ሳይሆን በተመልካች ድምፅ የሚሰጡ ናቸው። ተመልካች እምቢታን ያለ ምስክር ሊሰማ እንደሚችል ማስረጃ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከፊልሙ ይልቅ ድራማ ነው። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ፊልሙ አዲስ አበባ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ እንግዳው ተቀምጦ ሳለ ከፍርድ ቤት ዕግድ መጣ። አቤት ያለችው አበራሽ በቀለ ነበረች። ሕይወቴ ያለ ፈቃዴ ተወስዷል ነው ነገሩ። በፊልሙ ውስጥ የጠበቃዋ የመዓዛ አሸናፊ ስም እንዳለ ተጠብቋል፤ የልጅቱ ስም ግን ተለውጧል። ስምን መለወጥ መከለል ሊሆን ይችላል፤ መንጠቅም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ሊናገር የሚችለው የስሙ ባለቤት ነው፤ እርሷም ተናገረች። አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ተቆጡ፤ የፊልሙ ባለቤቶች አዘኑ፤ ስለ መልካም ዓላማና ስለ ሀገር ገጽታ ብዙ ተባለ። ስለ ፈቃድ በተሠራ ፊልም ፈቃዷ አልተጠየቀም ያለችውን ሴት ቃል የሰማ ግን ጥቂት ነበር። እንደገና እምቢ አለች፤ እንደገናም እምቢታዋ የሌላውን ሠርግ የሚያበላሽ ጩኸት መሰለ። ከጊዜ በኋላ ዕግዱ ተነሥቶ ፊልሙ ለሀገሩ ተመልካች ታይቷል።

ከዚህ ታሪክ የድራማ ጸሐፊ ሁሉ ሊሸማቀቅ ይገባዋል። የሰው ቁስል ለመድረክ ሲመጣ ደራሲው ብዙ ጊዜ ራሱን እንደ ጠበቃ ይቆጥራል፤ ደንበኛውን ግን አይጠይቅም። ለእርሷ ብለን ነው ማለት ይቀላል። አባትም ልጁን ሲድር ለእርሷ ብሎ ነበር።

ሕጉ ከአበራሽ በኋላ ተለውጧል። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አደረገ፤ የተጋቢዎችንም ፈቃድ አስቀደመ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ጠላፊው ተጠላፊዋን ማግባቱም ከቅጣት አያድነውም ይላል። የድሮው በር በግልጽ ቃል ተዘግቷል። ነገር ግን አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም «ከጋብቻ ውጪ» የሚል ሐረግ አስቀምጧል። ደግሞም አንቀጹ የሚመዝነው ኃይልን፣ ዛቻን፣ ራስን ለመከላከል አለመቻልን ነው፤ «አልፈልግም» የሚለው ቃል ብቻውን ምን ያህል እንደሚመዝን ለዳኛው የተተወ ይመስላል። በልደታ በረንዳ ላይ ጮኸች ወይ የሚለው ጥያቄ የማይቀረው ለዚህ ነው።

ይህ ሐረግ ከድራማው የተዘጋ በር ጋር በአንድ ልክ የተቆረጠ ነው። ካሜራው የሚቆምበትና ሕጉ የሚቆምበት ደፍ አንድ ነው። የባልና ሚስት መኝታ ቤት ለሁለቱም አይታይም። ስለዚህም በቴሌቪዥን ድራማ ባል ሚስቱን ሲመታ ይታያል፤ ጎረቤት ይገባል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል። እምቢ ያለችው ሚስት ግን ራሷን ታሟል፣ ደክሟታል፣ ወይም ሌላ ወዳለች ተብሎ ምክንያት ይፈለግላታል። በ2007 ዓ.ም. በታክሲ ተሳፍራ የተጠለፈችው የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ በደረሰባት ግፍ በሞተች ጊዜ ከተማው ሁሉ ተንቀጥቅጧል፤ አምስት ሰዎችም በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥፋተኞች ተብለዋል። ሞት ጥርጥር አይተውምና በዚያ ጊዜ ፈቅዳ ነበር ወይ ብሎ የደፈረ አልነበረም። በሕይወት የተረፈችዋ ናት የምትጠየቀው።

በአዲስ አበባ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ግን ከሳሎኑ ቴሌቪዥን የሚለይ ሌላ ቴሌቪዥን አለ። የጥቃት ሰለባ የሆኑ ሕፃናት ከተከሳሹ ፊት ቆመው እንዳይመሰክሩ የተለየ ክፍል ተዘጋጅቶላቸዋል። በክፍሉ ውስጥ ልጅቱና አንዲት የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ይቀመጣሉ። ከችሎቱ የሚመጣውን ጥያቄ ባለሙያዋ ተቀብላ ለልጅ በሚገባ ቋንቋ ታቀርበዋለች፤ የልጅቱ መልክና ድምፅ በመስኮቱ በኩል ወደ ዳኛው ይደርሳል። ሙዚቃ የለም። ካሜራው ከክፍሉ ውስጥ ነው። ልጅቱ ዝም ስትል ባለሙያዋ ትጠብቃለች፤ ዳኛውም ከመስኮቱ ማዶ ይጠብቃል፤ ከዚያም ጥያቄው በሌላ ቃል ይደገማል።